ከማሳ ዳር አረም እስከ ብርድ ወራት ጌጥ፦ የፓንሲ አበባ ታሪክ

አትላንታ የሚኖር ሐበሻ ይህን አበባ በስሙ ባያውቀው በመልኩ ያውቀዋል። ኦክቶበር ገብቶ የሙቀቱ ወራት አበቦች ሲጠወልጉ፣ በባንክ ቤት ደጃፍ፣ በአፓርታማ መግቢያና በአደባባይ ዙሪያ አትክልተኞች ተንበርክከው ትንንሽ ችግኞችን ይተክላሉ። አበቦቹ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭና የወይን ጠጅ ቀለም አላቸው። ብዙዎቹ መሐላቸው ላይ ጥቁር ጥላ ስላለባቸው ከሩቅ ሲያዩአቸው ፊት ያላቸው ይመስላሉ። ጃንዋሪ ላይ ውርጭ ያደረ ዕለት ጠዋት ቅጠላቸው ተኮማትሮ፣ አንገታቸው ተደፍቶ ይገኛል። «በቃ፣ አለቀላቸው» ሲባል ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሞቅ ታደርጋቸውና ቀና ይላሉ። ፓንሲ ይባላሉ።

ሌላው አንባቢ ደግሞ አበባውን በቲያትር በኩል ያውቀው ይሆናል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ሐምሌት» ያነበበ ሰው፣ አእምሮዋ የታወከው ኦፌልያ አበባ እያነሣች ለዚህም ለዚያም የምታድልበትን ትዕይንት አይረሳውም። በሼክስፒር እንግሊዝኛ ከእነዚያ አበቦች አንዱ ፓንሲ ነው፤ እሷም የምትሰጠው የሐሳብ ምልክት አድርጋ ነው።

የኦፌልያ አበባና የአትላንታው አበባ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ የማሳ ዳር አበባ ነበር። ሁለተኛው የመዳፍ ግማሽ የሚሸፍን፣ ብርድ የሚችል፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኙ በየዓመቱ የሚሸጥ የከተማ ጌጥ ነው። በመካከላቸው ያለው የሁለት መቶ ዓመት ሥራ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰዎች ለዚህ አበባ ያቀረቡለት ጥያቄ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ መጀመሪያ «ምን ያህል ይተልቃል?» አሉት፣ ቀጥሎ «ምን ያህል ይከብባል?»፣ በመጨረሻም «ብርዱን እስከ መቼ ይችላል?» አሉት። ታሪኩ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1800 በፊት፦ ብዙ ስም ያላት ትንሽ አበባ

ፓንሲ የቪዮላ ወገን ነው። ይህ ወገን በዓለም ዙሪያ ከአምስት መቶ በላይ ዝርያዎች አሉት። አንዷ የእኛም አገር ናት፤ ቪዮላ አቢሲኒካ የምትባለው ደቃቃ አበባ በኢትዮጵያ ደጋ ጫካዎች ጥላና እርጥበት ባለበት መሬት ላይ እየተሳበች ትበቅላለች። የዛሬው ፓንሲ ዋና እናት ግን ቪዮላ ትሪከለር ናት። ትርጉሙ «ባለ ሦስት ቀለም ቪዮላ» ማለት ሲሆን፣ ሐምራዊ፣ ቢጫና ነጭ ቀለም በአንድ አበባ ላይ ስለሚታዩ የወጣላት ስም ነው። በአውሮፓና በምዕራብ እስያ በማሳ ዳር፣ በሣር ሜዳና በተቆፈረ መሬት ላይ ራሷን ዘርታ ትበቅላለች። የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 ሳይንሳዊ ስሟን ሲያጸድቅላት ሕዝቡ ቀድሞ በየቋንቋው ስም አውጥቶላት ነበር።

እንግሊዞች «የልብ ዕረፍት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጧት። ፈረንሳዮች «ፓንሴ» አሏት፤ «ሐሳብ» ማለት ነው። ፓንሲ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። ለእኛ ጆሮ ቶሎ የሚገባው ግን የጀርመኖቹ ነው፤ «ትንሿ የእንጀራ እናት» ይሏታል። ምክንያቱን ለማየት አበባዋን በእጅ ይዞ መገልበጥ ይበቃል። ከፊት አምስት የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ ከጀርባ ደግሞ አምስት ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠልያዎች ደግፈዋታል። ታች ያለችው ትልቋና ጌጠኛዋ የእንጀራ እናቲቱ ናት፤ ሁለት ወንበር ለብቻዋ ይዛ ተቀምጣለች። ከግራና ከቀኝ ያሉት የገዛ ልጆቿ እያንዳንዳቸው በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። ከላይ ያሉት ሁለቱ የእንጀራ ልጆች ግን አንዷን የቀረች ወንበር ተጋርተዋል። ጀርመናዊ አያት ለልጅ ልጇ ይህን ስትተርክ አበባዋን እየገለበጠች ወንበሮቹን ታስቆጥራለች።

በእንግሊዝ ይህች አበባ የጥልፍ አበባም ነበረች። በኋላ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የተባለችው ልዕልት በ1544፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ለእንጀራ እናቷ ለንግሥት ካተሪን ፓር በገዛ እጇ የተረጎመችውን መጽሐፍ ሰጥታ ነበር። በመጽሐፉ የጨርቅ ሽፋን አራት ማዕዘን ላይ የተጠለፉት እነዚህ አበቦች ናቸው። መጽሐፉ ዛሬም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሼክስፒር ደግሞ ከ«ሐምሌት» ቀደም ብሎ በጻፈው «የመካከለ በጋ ሌሊት ሕልም» ተውኔቱ ላይ የዚህችኑ አበባ ጭማቂ የፍቅር መድኃኒት አድርጎታል፤ በተኛ ሰው ዐይን ላይ የተንጠባጠበ እንደሆነ፣ ሰውየው ሲነቃ መጀመሪያ ያየውን ይወድዳል። የመድኃኒት ዕፅ ዐዋቂዎችም ለደረት ሕመምና ለቆዳ ያዝዟት ነበር።

ይህ ሁሉ ፍቅር እያለ ግን አበባዋን ለማሳደግ የሞከረ አልነበረም። በአትክልት ስፍራ ብትተከልም መልኳ ከማሳ ዳሯ እኅቷ አይለይም ነበር። ሰው ለመቶዎች ዓመታት ወደዳት እንጂ ምንም አልጠየቃትም።

ከ1810 እስከ 1830ዎቹ፦ ሁለት የአትክልት ስፍራዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሣው በእንግሊዝ፣ ከለንደን ብዙም በማይርቁ ሁለት ግቢዎች ውስጥ ነው። በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለችው በዋልተን፣ የታንከርቪል መስፍን ልጅ ሌዲ ሜሪ ኤሊዛቤት ቤኔት በ1812 ገደማ ያገኘቻቸውን የዱር ፓንሲ ዓይነቶች ሁሉ በአባቷ ግቢ ትሰበስብ ጀመር። ከአትክልተኛዋ ጋር ሆና ከሚበቅሉት መካከል ለየት ያሉትን እየመረጠች ዘራቸውን እንደገና ትዘራለች። የሃመርስሚዙ ስመ ጥር የችግኝ ነጋዴ ሊ ሥራውን አይቶ ተቀላቀለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሃያ ያህል ዓይነቶች ለገበያ ቀረቡ።

በዚያው ጊዜ በበኪንግሃምሻየር አውራጃ፣ አይቨር በምትባል መንደር፣ ጡረታ የወጡ አንድ የባሕር ኃይል አዛዥ ይኖሩ ነበር። አድሚራል ሎርድ ጀምስ ጋምቢየር በ1807 ኮፐንሃገንን በመድፍ ያስደበደቡት ናቸው። እኒህ ሰው አንድ ቀን በግቢያቸው ከበቀሉት የዱር ፓንሲዎች ቢጫና ነጭ የሆኑትን ነቅለው ለአትክልተኛቸው ለዊልያም ቶምፕሰን ሰጡትና ተንከባከባቸው አሉት። ቶምፕሰን የጌታውን ትእዛዝ ለመፈጸም ያህል ጀመረው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል አልተወውም።

ቶምፕሰን ከመምረጥ አልፎ አዳቀለ። ባለ ሦስት ቀለሟን ቪዮላ ከተራራ ቢጫ ቪዮላ ጋር፣ በኋላም ከመካከለኛው እስያ ከአልታይ ተራሮች ከመጣችው ትልልቅ አበባ ካላት ዝርያ ጋር አገናኛት። የዱሯ እናት ብዙ ማበብን ሰጠች፤ ቢጫዋ ቀለሙን አጠራችው፤ የአልታይዋ መጠኑን አሳደገችው። የተራራ ደም በመግባቱ ቀዝቃዛ አየርን የመውደድ ጠባይ በዲቃላዎቹ ላይ ጸና። ያን ጊዜ ግን ማንም ይህን ጠባይ ልብ አላለውም፤ የሁሉም ዐይን መጠኑ ላይ ነበር።

ሥራው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በ1833 በእንግሊዝ አራት መቶ ያህል የተሰየሙ የፓንሲ ዓይነቶች ነበሩ። ከሃያ ወደ አራት መቶ ለመድረስ የፈጀው ከሃያ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው።

1839፦ የድመት ፊት ያላት ችግኝ

እስከዚህ ድረስ ፓንሲ ፊት አልነበረውም። ከአበባው መሐል ተነሥተው ወደ ውጭ የሚሮጡ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብቻ ነበሩበት። እነዚህ መስመሮች ለንብ የተሠመሩ የመንገድ ምልክቶች ናቸው፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ወዳለበት ጉድጓድ ይመሯታል።

ቶምፕሰን አንድ ቀን በግቢው ሲዘዋወር፣ ሌላ ተክል በተተከለበት መደብ ውስጥ ራሷን ዘርታ የበቀለች አንዲት ችግኝ አየ። የዘራት የለም፤ ያዳቀላትም የለም። አበባዋ ላይ እነዚያ መስመሮች ተሰባስበው አንድ ወጥ ጥቁር ጥላ ሆነዋል። እሱ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ትክ ብላ የምታየውን ድመት ፊት አስመሰላት። ነቅሎ ሊጥላት ይችል ነበር፤ አትክልተኛ በየቀኑ ያልዘራውን ሲነቅል ይውላል። እሱ ግን ለያት፣ ተንከባከባት፣ ዘሯን ወሰደ። «ሜዶራ» ብሎ ሰየማት፤ በ1839 ለሕዝብ ቀረበች። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ባለ ፊት ፓንሲዎች የሚነሡት ከዚህ ግኝት ነው።

በፓንሲ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መታጠፊያ የለም። ሠላሳ ዓመት ያህል የለፋበት ሰው ትልቁን ውጤት ያገኘው ካልለፋበት ቦታ መሆኑ ያስደንቃል። ነገር ግን ዕድል ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ዓመት ፓንሲ ሲያይ ያልኖረ ሰው ያችን ችግኝ ቢያያት አያውቃትም ነበር።

ከ1840ዎቹ እስከ 1860ዎቹ፦ የውድድር ዘመን

ፊት ከተገኘ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። በ1841 በሃመርስሚዝ፣ ከአራት ዓመት በኋላም በስኮትላንድ የፓንሲ ማኅበራት ተቋቋሙ። ማኅበራቱ አበባው ምን መምሰል እንዳለበት ሕግ አወጡ፤ ክብ ይሁን፣ ጠርዙ አይሰንጠቅ፣ አይሸብሸብ፣ ሰውነቱ እንደ ከፋይ ይወፍር፣ መሐሉ ያለው ጥላ ንጹሕ ይሁን። ዳኞች አበባውን ተቆርጦ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ያዩታል። ከበስተኋላው ያለው ተክል ደካማ ይሁን ጠንካራ አይጠይቁም።

ይህ ዘመን ለፓንሲ ክብርን አመጣለት። ከመስፍን ግቢ ወጥቶ ትንሽ ጓሮ ብቻ ላለው ሠራተኛ ደረሰ። ሠራተኛው ከሥራ ሲመለስ ችግኞቹን ከዝናብ ይከልላል፣ ለውድድር ቀን አንዲት የተመረጠች እንቡጥ ያስቀራል። በቤልጅየምና በፈረንሳይም አዳቃዮች ጥላውን እያሰፉ፣ ቀለሙን እያደባለቁ «ጌጠኛ» የሚባለውን ወገን አወጡ። እንግሊዞች መጀመሪያ ሕግ የጣሰ ነው ብለው ናቁት፤ በኋላ ግን በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ቦታ ለቀቁለት።

ጉዳቱም ከዚያው ከክብሩ መጣ። እያንዳንዱ ምርጥ ዓይነት የሚባዛው በቁራጭ ነበር፤ በዘር ቢራባ የእናቱን መልክ አይዝምና። ከዓመት ዓመት ከቁራጭ ቁራጭ ሲወሰድ ተክሉ እየደከመ ሄደ። ለአንድ አበባ ውበት ሲባል ሥሩ ተረሳ።

ከ1859 እስከ 1876፦ ዳርዊንና ጸጉራሟ ንብ

በዚህ መሐል አንድ ሰው አበባውን ለውድድር ሳይሆን ለማወቅ ይመለከተው ነበር። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ይህችን የማሳ አበባ ጠቅሷታል። እንደ እሱ አባባል አበባዋን የምትጎበኘው ሰውነቷ ወፍራም፣ ጸጉራም የሆነች የዱር ንብ ናት፤ ሌሎች ንቦች አይመጡላትም። የእነዚህን ንቦች ጎጆ አይጥ ያፈርሰዋል፤ አይጥን ደግሞ ድመት ትበላዋለች። ስለዚህ ድመት በበዛበት መንደር አይጥ ያንሳል፣ ንብ ይበዛል፣ አበባዋም ትበዛለች ሲል አሳየ። ቶምፕሰን በአበባው ላይ የድመት ፊት አይቶ ነበር፤ ዳርዊን ደግሞ ከአበባው ሕይወት ጀርባ ድመቷን ራሷን አገኛት።

ሁለተኛው ሥራው በ1876 ታተመ። ከሌላ ተክል ብናኝ የተቀበለውን የአበባ ዘርና በራሱ ብናኝ የተዳቀለውን ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ ቁመታቸውን ለካ። የፊተኛው 100 ቢሆን የኋለኛው 42 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከግማሽ በታች ማለት ነው። የውድድር አትክልተኞች ተክላቸው ለምን እንደሚደክም ግራ በገባቸው ዘመን፣ ይህ ቁጥር መልሱ የት እንዳለ ጠቆመ፤ ለፓንሲ ኃይል የሚሰጠው አዲስ ደም ነው።

ከ1860ዎቹ እስከ 1900፦ ሥሩ የጸና ፓንሲ

ያንን አዲስ ደም ፍለጋ ስኮትላንድ ቀደመች። በኤዲንብራ የሚሠራው አትክልተኛ ጀምስ ግሪቭ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራ የአፕል ዓይነት ያለው ሰው፣ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የውድድሩን ፓንሲ ከዱር ተራራ ቪዮላዎች ጋር አዳቀለ። ከእነዚህ አንዷ ከፒሬኔ ተራሮች የመጣችው ቪዮላ ኮርኑታ ናት። የተገኙት ተክሎች አበባቸው አነስ ያለ፣ ሥራቸው ግን የተንሰራፋ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገሩ ሆኑ። በቸርንሳይድ መንደር የሚኖሩት ሐኪም ቻርልስ ስቱዋርት ደግሞ በዚሁ መንገድ ሄደው፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ምንም መስመር የሌለበት ጥርት ያለ አበባ አገኙ።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አበባቸው ትንሽ፣ ተክላቸው ጠንካራ የሆኑት «ቪዮላ» ተብለው ቀሩ፤ ትልልቆቹ «ፓንሲ» የሚለውን ስም ያዙ። ዛሬም ችግኝ መሸጫ ውስጥ በሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የምናየው ይህን የስኮትላንድ ክፍፍል ነው።

ፈረንሳይ በበኩሏ ወደ ግዝፈት አዘመመች። ከፓሪስ አጠገብ የወጣው «ትሪማርዶ» የሚባለው ዘር ከዚያ ቀደም ያልታየ ትልቅ አበባ አመጣ። ቁም ነገሩ ከመጠኑ ይልቅ ዘር መሆኑ ላይ ነው፤ በቁራጭ ሳይሆን በፖስታ በሚላክ ፓኬት ይሸጣል። አንድ ፓኬት ዘር የገዛ ሰው መደብ ሙሉ ፓንሲ ያበቅላል። አበባው ከውድድር ጠረጴዛ ወርዶ መሬት ላይ መነጠፍ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪት ቪትሮክ የዚህን ሁሉ ድብልቅ የዘር ሐረግ ቁጭ ብሎ መረመረ። የአትክልት ስፍራው ፓንሲ የአንድ ዝርያ ልጅ ሳይሆን የብዙ የዱር ቪዮላዎች ዲቃላ መሆኑን አስረዳ። ሳይንስም ስሙን አክብሮለታል፤ የዛሬው ፓንሲ ቪዮላ ቪትሮኪያና ተብሎ ይጠራል።

ከ1900 እስከ 1950ዎቹ፦ ግዙፎቹ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የግዝፈቱ ጥያቄ ወደ ጥጉ ተጓዘ። በስዊዘርላንድ በቱን ሐይቅ አጠገብ የሮግሊ ዘር አምራቾች «የስዊስ ግዙፎች» በሚል ስም የታወቁትን አወጡ። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ የነበረው ስቲል የፓንሲ እርሻ «ማስቶዶን» የሚባሉትን ሸጠ፤ ማስቶዶን ከምድር የጠፋ ዝሆን መሰል ግዙፍ እንስሳ ነው። የፖርትላንድ አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር፤ የሙቀቱ ወራት ለዘብ ያለ፣ የብርዱም ወራት ጭካኔ የሌለበት ነው።

የዓለም ጦርነቶቹ ግን የድሮውን ሥርዓት አፈረሱት። አትክልተኞች ወደ ግንባር ዘመቱ፣ ትልልቅ ግቢዎች ሠራተኛ አጡ፣ የአበባ መደቡ ድንች ተተከለበት። በእጅ ቁራጭ እየተባዙ የቆዩ የውድድር ዓይነቶች አብዛኞቹ ጠፉ። ከጥፋቱ የተረፈው በዘር የሚባዛው ፓንሲ ነው።

በዚያው ዘመን በመካከለኛው አውሮፓ ጸጥ ያለ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በረዶው እንደቀለለ ከሁሉ ቀድመው የሚያብቡት እየተመረጡ «ሂማሊስ» በሚል ስም ይሸጡ ነበር፤ በላቲን «የብርድ ወራት» ማለት ነው። ይህ ስም የሚመጣውን ዘመን አስቀድሞ ተናግሯል።

1966፦ ከዮኮሃማ የመጣ ዘር

በ1913 በጃፓን ዮኮሃማ የተቋቋመው ሳካታ የዘር ኩባንያ፣ በ1930ዎቹ ፔቱኒያ የሚባለውን አበባ ድርብርብ ዓይነት በእጅ አዳቅሎ ለዓለም በመሸጥ ስም አትርፎ ነበር። ያንኑ ጥበብ ወደ ፓንሲ አመጣው። መንገዱ ይህ ነው፦ ሁለት የተለያዩ የፓንሲ ዘሮችን ለብዙ ትውልድ ለየብቻ ማርባት፣ ከዚያ የአንዱን አበባ ብናኝ በእጅ ወስዶ ወደ ሌላው ማድረስ። የሚገኘው የመጀመሪያው ትውልድ ልጅ ኤፍ-ዋን ይባላል። ከወላጆቹ ይበረታል፤ ደግሞም ሺህ ቢዘራ ሺውም አንድ መልክ፣ አንድ ቁመት፣ አንድ የማበቢያ ሳምንት አለው። ዳርዊን በ1876 በቁጥር ያሳየው ጉልበት አሁን በፓኬት ተሸጠ።

በ1966 «ማጄስቲክ ጃይንትስ» የተባለው የሳካታ ፓንሲ የአሜሪካን የአዳዲስ ዘሮች ሽልማት አገኘ። አበባው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ተክሉ ግን እንደ ውድድሩ ዘመን አይደክምም። ከቶምፕሰን ጀምሮ ሲጣሉ የኖሩት ውበትና ጥንካሬ በአንድ ተክል ላይ ታረቁ።

ዋጋውም ነበረው። የኤፍ-ዋን ዘር ውድ ነው፤ ደግሞም ከራሱ የሚለቀም ዘር አባቱን አይመስልም። ገበሬው፣ አትክልተኛውና የከተማው አስተዳደር በየዓመቱ ከኩባንያ መግዛት ግድ ሆነባቸው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ፦ የብርድ ወራት መደብ

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ተነሣ። እስከዚያ ድረስ በብዙ አገር ፓንሲ የሚተከለው ብርዱ ሲያልፍ ነበር። ግን ሙቀት ሲመጣ ግንዱ ይሳባል፣ አበባው ያንሳል፣ ተክሉ ይጠወልጋል። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ይነቀላል። አዳቃዮች ቀኑ ሲያጥር ማበብ የማያቆሙ ኤፍ-ዋን ዓይነቶችን ሲያወጡ፣ አትክልተኞች የቀን መቁጠሪያውን ገለበጡት። ለምን ከብርዱ በፊት አይተከልም? ኦክቶበር ላይ ይተከል፣ በመከር ያብብ፣ ውርጩን ተቋቁሞ ይደር፣ እንደገና እስከ ሜይ ያብብ። ሁለት ወር የነበረው ዕድሜ ወደ ሰባት ወር ገደማ ረዘመ።

ይህ ለውጥ ከሁሉ በላይ የተመቸው ለአሜሪካ ደቡብ ነው። የአትላንታና የዳላስ ብርድ መሬቱን ለወራት በረዶ አያደርገውም፤ ሙቀታቸው ግን ፓንሲን በጁን ይገድለዋል። ስለዚህ ከተሞቹ፣ ሆቴሎቹና መሥሪያ ቤቶቹ የብርድ ወራት መደባቸውን ለፓንሲ ሰጡ። ቀድሞ ከመከር እስከ ፀደይ ባዶ አፈር የነበረው ቦታ ቀለም ለበሰ።

ችግኙን በብዛት ማድረስ የተቻለውም በዚሁ ጊዜ ነው። ዘሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት ትሪ ላይ በማሽን ይጣላል፤ እያንዳንዱ ችግኝ የራሱን ሥር ይዞ ይነሣል። ችግሩ ፓንሲ በኦክቶበር እንዲደርስ ዘሩ በጁላይ ወይም በኦገስት ሙቀት መዘራቱ ነው። ዘሩ የሚወደው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ 30 ከደረሰ መብቀሉ ክፉኛ ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቾች ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ሠሩለት።

የእርሻ ትምህርት ቤቶችም ተክሉን በብርድ ውስጥ አጠኑት። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለአትክልተኞች ያስተማሩት በቀላል ቋንቋ ይህን ይመስላል፦ የአፈሩ ሙቀት ከ7 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ትከል። ዘግይተህ ከተከልክ ሥሩ ሳይሰድ ብርዱ ይደርስበታል፤ ቀድመህ ከተከልክ ሙቀቱ ግንዱን ይስበዋል። አፈሩ ትንሽ ኮምጣጣ ይሁን፣ ፒኤቹ ከ5.4 እስከ 5.8። ውኃ የሚይዝ መደብ ላይ አትትከል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። በብርድ ወራት የምትሰጠው ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ በናይትሬት መልክ ይሁን፤ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት የአፈር ተሕዋስያን በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥራ ያቆማሉ፣ ተክሉም ምግብ ተከምሮለት ይራባል። ከባድ ብርድና ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ተክሉን ራሱን በደረቅ የጥድ ቅጠል ጉዝጓዝ ሸፍነው፤ ብርዱ ሲያልፍ ግለጥለት።

ነፋሱን መፍራት ለምን አስፈለገ? መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ውኃ መሳብ አይችልም፤ ነፋሱ ግን ከቅጠሉ ውኃ መምጠጡን አይተውም። ፓንሲ ብዙ ጊዜ በብርድ ወራት የሚሞተው በውኃ ጥም ነው። ጠዋት አንገቱን የሚደፋውም ተሸንፎ አይደለም፤ ሕዋሳቱ ውኃቸውን አውጥተው ከበረዶ ይድናሉ፣ ሲሞቅ መልሰው ይሞላሉ። ቶምፕሰን ያስገባው የተራራ ደም ሥራውን የሚሠራው እዚህ ነው።

2023፦ ከፓሪስ ማሳ የመጣው ዜና

ታሪኩ በአትላንታ መደብ አያልቅም። በዲሴምበር 2023 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በፓሪስ አካባቢ ማሳዎች ስለምትበቅለው የዱር ፓንሲ፣ የባለ ሦስት ቀለሟ የቅርብ ዘመድ፣ አንድ ጥናት አወጡ። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተለቀመና የተቀመጠ ዘር አውጥተው ዘሩ፤ ከዚያው ማሳ በቅርብ ከተለቀመው ጋር አወዳደሩት። የዛሬዎቹ አበቦች በ10 በመቶ አንሰው፣ ለንብ የሚሰጡት ጣፋጭ ፈሳሽም በ20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አበቦቹ በራሳቸው ብናኝ መዳቀልን አብዝተዋል። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የንቦች መቀነስ ነው ይላሉ፤ ጎብኚ የማይመጣለት ቤት ድግሱን ይቀንሳል።

ይህን ከሁለት መቶ ዓመቱ ታሪክ ጎን አስቀምጠን እንየው። በአትክልት ስፍራው ሰው የንብን ሥራ በእጁ እየሠራ፣ ዘርን ከዘር እያገናኘ አበባውን አሳደገው። በማሳው ላይ ደግሞ ሰው ንቧን እያጠፋ የእናቲቱን ዘመድ እያሳነሳት ነው። ዳርዊን ያሳየው ድክመት፣ 100 እና 42፣ አሁን በማሳ ላይ ሊደርስ ይችላል። የዱሯ እናትም እንዲሁ ከደከመች ነገ አዲስ ደም የሚፈልግ አዳቃይ ወዴት ይሄዳል? የዛሬውን ፓንሲ ብርድ የሚያስችለው ጠባይ የተገኘው ከዱርና ከተራራ እንጂ ከመደብ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ታሪክ ላይ ፍርድ ስጥ ብባል እንዲህ እላለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ግዝፈት ለነጋዴው፣ ክብነት ለዳኛው ጠቀመ፤ ብርድ መቻሉ ግን አበባውን በአውቶቡስ ፌርማታ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሰጠው። ለዚህ ያበቃውን የተራራ ደም መጀመሪያ ያስገባው ደግሞ ያው ያልዘራውን ከመንቀሉ በፊት ዝቅ ብሎ ያየ አትክልተኛ ነው።

በመጪው ጃንዋሪ በእንዲህ ያለ መደብ አጠገብ ያለፋችሁ እንደሆነ አንድ አበባ ገልብጣችሁ ወንበሮቹን ቁጠሩ። ችግኝ የተከላችሁም የጠወለገውን አበባ ቶሎ ቶሎ ልቀሙለት፤ ዘር ካልያዘ ማበቡን አይተውም። ጥቂቱን ግን ለዘር ተዉለት። ፍሬው ጥሬ ሳለ አንገቱን ደፍቶ ይቆያል፤ ሲበስል ቀና ይላል፣ በሦስት ተሰንጥቆም ዘሩን ወደ ሩቅ ይወረውራል። በሚቀጥለው ዓመት ከተወረወረው ዘር የሚበቅለው እንደ እናቱ ትልቅ አይሆንም። ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር እያነሰ ወደዚያች ባለ ሦስት ቀለም የማሳ ዳር አበባ ይመለሳል። አትንቀሉት፤ ንቧ የምታውቀው እሱን ነው።